«ሥላሴ የሚለው ቃል የት ተጽፏል?» ስንባል ምን እንመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን በመካከላችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። ጾመ ሐዋርያት ተፈቶ፣ ሐምሌ 7 ቀን የሥላሴ በዓል ከዋለ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ ከእኛ አንዱ እናቱን ተከትሎ ወደ ላሊበላ ገበያ ወጥቶ ነበር። ሁለት ዶሮ ሸጠው፣ ጨውና በርበሬ ገዝተው ሲመለሱ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተገናኘ። ይህ ጓደኛው ከእኛ የተለየ እምነት ያለው ልጅ ነው። «ሰሞኑን ሥላሴን ስታከብሩ ነበር፤ ለመሆኑ ሥላሴ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀው።

ወንድማችንም ሳያመነታ «1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 7 ላይ አለ። አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ በሰማይ እንደሚመሰክሩ ተጽፏል» አለ። ልጁ ከኪሱ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ «እስቲ አሳየኝ» አለው። ገለጡት። በዚያ ክፍል ያገኙት ግን መንፈሱን፣ ውኃውንና ደሙን ብቻ ነበር። ወንድማችን ሁለት ሦስት ጊዜ መላልሶ አነበበ፤ የለም። በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ በማግሥቱም እሑድ ወደ ጉባኤያችን አልመጣም፤ በሚቀጥለውም እሑድ አልመጣም።

የእኛ ጥፋት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ነገሩን እንደ ሰማን አንዳንዶቻችን ያንን ልጅ መንገድ ላይ ጠብቀን «መናፍቅ» እያልን ሰደብነው። ለጥያቄው መልስ አልነበረንምና በመልስ ፈንታ ስድብ ሰጠነው።

ነገሩ የኔታ ጆሮ ደረሰ። ጠርተውን «ልጆቼ፣ ልጁ የጠየቀው ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፤ የጠፋው መልሱ ነው። መልስ ያጣ ሰው ይጠይቃል እንጂ ይሳደባል እንዴ?» አሉን። ከዚያም አራት እሑድ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን እያስገለጡ አስተማሩን። እኛም የተማርነውን ለሌሎቻችሁ እንዲደርስ ከዚህ በታች አቅርበናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት የውጭ ታሪክ ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ቃሉ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። «ሥላሴ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልተጻፈም። ቃሉ «ሠለሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ሦስትነት ማለት ነው። በግሪክ ቋንቋ ይህን የመሰለውን ቃል ስለ እግዚአብሔር ሲጠቀምበት የምናገኘው የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ ቴዎፍሎስ ሲሆን ዘመኑም 180 ዓ.ም. ገደማ ነው። በላቲን ደግሞ ጠርጡልያኖስ በ200 ዓ.ም. አካባቢ ጽፎታል። ስለዚህ «ቃሉ የለም» የሚለንን ሰው «ልክ ነህ» ብንለው አንጎዳም።

ነገር ግን ቃሉ አለመኖሩ ነገሩ የለም ማለት አይደለም። «ሥጋዌ» የሚለውንም ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ፈልገን አናገኘውም፤ ቃል ሥጋ መሆኑ ግን በዮሐ. 1፡14 በግልጥ ተነግሯል። አባቶች ብዙ ገጽ የሚፈጀውን ትምህርት ባጭሩ ለመጥራት ስም አወጡለት። ስሙን ያወጡት እነርሱ ናቸው፤ ነገሩን ግን ከመጽሐፍ አገኙት እንጂ አልፈጠሩትም። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ «ነገሩ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው።

ስለ 1ኛ ዮሐ. 5፡7ም የተማርነውን ሳንደብቅ እንናገር። ሦስቱን በሰማይ የሚመሰክሩ የሚለው ክፍል በጥንታውያን የግሪክ ብራናዎች ውስጥ አይገኝም። በላቲን መጻሕፍት በኩል የተላለፈ ነው። ኤራስመስ የተባለው ሊቅ በ1516 እና በ1519 ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ውስጥ አላገባውም ነበር፤ በ1522 እትም ግን አስገባው። ከዚያም በ1611 ወደ ታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስና ወደ ሌሎች ትርጉሞች ተሸጋገረ። እኛ በብዛት በምንጠቀምበት በ1954 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የለም። ወንድማችን ጥቅሱን ከሰው አፍ ሰምቶ ያዘው እንጂ ገልጦ አላየውም ነበር።

ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ደነገጥን። የኔታ ግን «ምን ያስደነግጣችኋል? በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች አርዮስን የረቱት በዚህ ጥቅስ ነው እንዴ?» አሉን። በእርግጥም የግሪክ አባቶች በዚያ ሁሉ ክርክር ይህን ጥቅስ አልጠቀሱትም። ቤቱ በዚህ ምሰሶ ላይ አልቆመም ነበርና ምሰሶው ቢነሣ ቤቱ አይወድቅም።

ለ. መጽሐፍ የሚነግረን ሦስቱ ነገሮች

የኔታ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ጻፉልን። የትምህርቱ ሁሉ ፍሬ በእነዚህ ነውና እያንዳንዳችሁ በደብተራችሁ ጻፏቸው።

1ኛ. እግዚአብሔር አንድ ነው። ዘዳ. 6፡4ን፣ ኢሳ. 44፡6ን ተመልከቱ። ጌታችንም ራሱ ከትእዛዛት ሁሉ የምትበልጠው የትኛዋ እንደሆነች ሲጠየቅ በዚሁ በዘዳግም ቃል ጀመረ (ማር. 12፡29)። ክርክር ስንጀምር ከዚህ መጀመር ይገባናል። የሚጠይቀን ሰው ብዙ ጊዜ «ሦስት አማልክት ታመልካላችሁ» ብሎ ያስባልና፣ አንድ አምላክ ማመናችንን አስቀድሞ ከእኛ አፍ ይስማ።

2ኛ. አብ አምላክ ነው፤ ወልድ አምላክ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ አምላክ ነው። ስለ አብ የሚከራከረን የለም። ስለ ወልድ ዮሐ. 1፡1፣ ደግሞም ቶማስ ከትንሣኤው በኋላ የመሰከረውን ዮሐ. 20፡28 አንብቡ። ጌታ ቶማስን አልገሠጸውም። መልአኩ ግን ዮሐንስ ሊሰግድለት ሲል ከልክሎታል (ራእ. 22፡8-9)። ስለ መንፈስ ቅዱስ የሐዋ. ሥራ 5፡3-4ን እዩ። ጴጥሮስ ሐናንያን መጀመሪያ መንፈስ ቅዱስን እንደዋሸ፣ ቀጥሎም እግዚአብሔርን እንደዋሸ ይነግረዋል።

3ኛ. አብ ወልድ አይደለም፤ ወልድም መንፈስ ቅዱስ አይደለም። በማቴ. 3፡16-17 ወልድ በዮርዳኖስ ውኃ ይጠመቃል፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል፤ አብ ከሰማይ ይናገራል። እኛ የላሊበላ ልጆች ዮርዳኖስ ተብሎ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራውን መውረጃ በየዕለቱ እየተሻገርን እንሄዳለን። በተሻገርነው ቁጥር ይህን ምዕራፍ ብናስብ መልካም ነው። ጌታ በዮሐ. 15፡26 መንፈስን ከአብ ዘንድ እንደሚልክ ሲናገር ላኪው፣ የሚላከውና የሚወጣበት ተለይተው ይታወቃሉ።

ሦስቱ ነገሮች በአንድነት የሚገኙበትን ቦታ ለሚጠይቀን ደግሞ ማቴ. 28፡19ን እናሳየው። ሦስቱ በየስማቸው ተጠርተዋል፤ ሆኖም «ስም» ተባለ እንጂ «ስሞች» አልተባለም። 2ኛ ቆሮ. 13፡14ም እንዲሁ ሦስቱን በአንድ ቡራኬ ያቀርባቸዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከእነዚህ ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን የጣለ ሁሉ ከመንገድ ይወጣል። ሦስተኛውን የጣለ፣ ሰባልዮስ እንዳለው፣ አንድ አካል ስሙን እየለዋወጠ አንዴ አብ፣ አንዴ ወልድ፣ አንዴ መንፈስ ቅዱስ ይባላል ወደ ማለት ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ በዮርዳኖስ ማን ለማን ተናገረ? ሁለተኛውን የጣለ እንደ አርዮስ ወልድን ፍጡር ያደርጋል። የመጀመሪያውን የጣለ ደግሞ ሦስት አማልክት ያመልካል። ቤተ ክርስቲያናችን በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮትና በህልውና አንድ ብላ የምታስተምረው ከሦስቱ ቃላት አንዱንም ላለመጣል ነው። ግብር ስንልም አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ መሆናቸውን ማለታችን ነው።

ሐ. ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጥቅሶች

ዘፍ. 1፡26 ላይ እግዚአብሔር ሰውን ሊፈጥር ሲል በብዙ ቁጥር ይናገራል። ይህን ስንጠቅስ ብልህ ተከራካሪ «የአገራችን ነገሥታትስ ‘እኛ’ እያሉ አዋጅ ያስነግሩ የለምን? ይህ የክብር አነጋገር ነው» ሊለን ይችላል። እንዲህ ያለን ሰው ዘፍ. 3፡22ን እናሳየው፤ በዚያ «ከእኛ እንደ አንዱ» የሚል አለ። ንጉሥ ለክብሩ «እኛ» ይላል እንጂ ራሱን ብቻ ይዞ «ከእኛ አንዱ» አይልም። ቢሆንም ይህ ጥቅስ በሐዲስ ኪዳን ብርሃን ሲነበብ የሚደምቅ ነውና፣ ክርክሩን ሁሉ በእርሱ ላይ አናቁመው።

በዘፍ. 18 አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት ሰዎች አየ፤ ለሦስቱም ሰገደ፤ ሲናገር ግን እንደ አንድ አነጋገረ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የሥላሴ መገለጥ አድርጋ ትተረጉመዋለች፤ ሐምሌ 7 ቀን የምናከብረውም ሥላሴ በአብርሃም ቤት መስተናገዳቸውን ነው። ነገር ግን የአባቶችን ትርጓሜ የማይቀበል ሰው ምዕራፍ 19፡1ን ገልጦ «ሁለቱ መላእክት ተብለዋል» ይለናል። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ለራሳችን እምነት ማጽኛና ለበዓላችን ደስታ እንያዘው፤ ከማያምን ሰው ጋር ስንነጋገር ግን መጀመሪያ የማቴዎስንና የዮሐንስን ወንጌል እናስቀድም።

መ. ብዙ ጊዜ የሚቀርቡብን ጥያቄዎች

«አብ ከእኔ ይበልጣል ብሎ የለምን?» (ዮሐ. 14፡28)። አዎ ብሏል። ይህን ከፊልጵ. 2፡6-8 ጋር አስማምተን እናንብብ። በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ራሱን ባዶ አደረገ፤ የባሪያን መልክ ያዘ። ወልድ ሥጋን ተዋሕዶ፣ ወደ መስቀል በሚሄድበት ሌሊት የተናገረው ቃል ነው። በዚያው ምዕራፍ እርሱን ያየ አብን እንዳየ ለፊልጶስ ነግሮታል (14፡9)። ፍጡር ስለ ፈጣሪው እንዲህ ሊናገር አይደፍርም።

«ያችን ቀን ወልድም አያውቃትም ተብሏል» (ማር. 13፡32)። የኔታ «ይህን ጥያቄ በችኰላ አትመልሱ» ብለውናል። በአንድ በኩል ጌታችን ሥጋን በእውነት ተዋሕዷልና ረኃብንና ድካምን እንዳልናቀ ሁሉ እንደ ሰው መናገርን አልናቀም። በሌላ በኩል ጴጥሮስ ጌታ ሁሉን እንደሚያውቅ ሲመሰክር አልተከለከለም (ዮሐ. 21፡17)፤ ወልድም ብቻ አብን እንደሚያውቅ ተጽፏል (ማቴ. 11፡27)። አብን የሚያውቅ ቀኑን ማወቅ ይሳነዋልን? ቀኑን ሊገልጥልን አልወደደም፤ ነቅተን እንድንጠብቅ ወደደ። የምዕራፉም መጨረሻ ይኸው ነው።

«የፍጥረት ሁሉ በኵር ተብሏል፤ ስለዚህ ፍጡር ነው» (ቆላ. 1፡15)። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 16ን ማንበብ ይበቃል። ሁሉ በእርሱና ለእርሱ ተፈጥሯል፤ ሁሉን የፈጠረ ራሱ ከተፈጠሩት አንዱ ሊሆን አይችልም። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ጥቅስ ሲቀርብልን ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ወደ ላይ፣ አንድ ቁጥር ወደ ታች እናንብብ።

ሠ. ይህ ክርክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም

የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተሾመው በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። አትናቴዎስም ስለ ወልድ አምላክነት ከአርዮሳውያን ጋር ሲከራከር ከመንበሩ በተደጋጋሚ የተሰደደ አባት ነው። በ356 ዓ.ም. ገደማ አርዮሳውያንን የሚደግፈው የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ላከ። አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ መልሱት፤ በአትናቴዎስ ቦታ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ይመርመር የሚል ነበር። አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ ስላስቀመጠው እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለ ሥላሴ የተነሣው ክርክር ገና ክርስትና በጀመረበት ዘመን ወደ አገራችን በር መጥቶ ነበር ማለት ነው። አባቶቻችንም በአትናቴዎስ እምነት ጸንተው ቆዩ።

ከወሎ ምድር ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን እናስታውስ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን ሲጽፍ እነሰባልዮስንና እነአርዮስን አንድ በአንድ እየጠራ ከመጻሕፍት በተገኘ ማስረጃ መልሶላቸዋል። ክርክርን አልሸሸም፤ ያለ ንባብም አልገባበትም።

ረ. ምሳሌና ወሰኑ

መምህራን ሥላሴን በፀሐይ ይመስላሉ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሦስት ሲሆኑ ፀሐይዋ አንዲት ናት። በነፍስም ይመስላሉ፤ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ አላት፤ ነፍስ ግን አንዲት ናት። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ብርሃንና ሙቀት ራሳቸውን ችለው «እኔ» አይሉም፤ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ግን ፍጹማን አካላት ናቸው። ለዚህ ይመስለናል በቅዳሴ ማርያም ሦስቱም እያንዳንዳቸው በፀሐይ ተመስለው መጨረሻው አንድ ፀሐይ በማለት የሚዘጋው። አንዱ ምሳሌ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ምሳሌ ለገባው ሰው ማስረጃ ነው፤ ለተከራካሪ ግን መልስ አይሆንም።

በከተማችንም አንድ ማስታወሻ አለን። ከቤተ ሚካኤልና ከቤተ ጎልጎታ ጋር ተያይዛ በአለቱ ውስጥ የተሠራችው ቤተ ሥላሴ ለምእመናን አትከፈትም፤ እኛም ውስጧን አላየንም። አይተው የጻፉ ሰዎች እንደሚነግሩን ግን በውስጧ እያንዳንዳቸው ከወጥ ድንጋይ የተቀረጹ ሦስት መንበሮች አሉ። ቤቲቱ አንዲት ናት፤ አለቱም አንድ ነው፤ መንበሮቹ ሦስት ናቸው። ይህ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ምሳሌዎች ማስታወሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። መንበሮቹን ያየ ሰው ሦስት አማልክት ሊል ይችላል፤ አለቱን ብቻ ያየ ደግሞ ሦስትነቱን ሊክድ ይችላል። ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። እንዲያውም በሯ መዘጋቷ ራሱ ያስተምረናል። የሥላሴን ነገር መጽሐፍ የገለጠልንን ያህል እንናገራለን፤ ከዚያ ወዲያ በደጃፉ ቆመን እንሰግዳለን።

ሰ. እንዴት እንመልስ?

ሐዋርያው ጴጥሮስ በ1ኛ ጴጥ. 3፡15-16 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ ለመልስ የተዘጋጀን እንድንሆን ያዛል፤ ይህም በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል። እኛ የመጀመሪያውን ሳንፈጽም የሁለተኛውንም አፈረስን። አልተዘጋጀንም፤ የዋሆችም አልሆንንም። ስለ ፍቅር አምላክ የሚደረግ ክርክር በጥላቻ ከተፈጸመ፣ ጥቅሱ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል።

ከአራተኛው እሑድ በኋላ ከእኛ ሦስቱ ወደዚያ ልጅ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እናቱ ቡና አፈሉላቸው። ልጁ ዛሬም በያዘው እምነት ነው፤ እኛም በእምነታችን ነን። ነገር ግን ጥያቄ ሲኖረው መጽሐፉን ይዞ ይመጣል፤ የማናውቀውን ሲጠይቀን «የኔታን ጠይቀን እንነግርሃለን» ማለትን ተምረናል። ያ ወንድማችንም ወደ ጉባኤው ተመልሷል። ባለፈው እሑድ ዮሐ. 14፡28ን በሰሌዳው ፊት ቆሞ ያስረዳን እርሱ ነበር።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ቢጣል የሚመጣውን ስሕተት በቃላችሁ አስረዱ።
2. ዮሐ. 10፡30ን አንብቡ። ይህ ቃል ለአርዮስ መልስ ይሆናልን? ለሰባልዮስስ?
3. ከሰው አፍ ሰምታችሁ የያዛችኋቸውን አምስት ጥቅሶች ጻፉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ከላይና ከታች ካለው ቁጥር ጋር ገልጣችሁ አረጋግጡ።
4. ስለ እምነቱ የሰደባችሁት ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።